የሁዘይፋ የልብ ምት

ሁዘይፋ ሩጫ የጀመረው ሞትን ፈርቶ ነው። ሚስቱ ጁወይሪያ ባለፈው ዓመት ልብስ ስታሰጣ ወድቃ በዚያው ቀረች። ልቧ ድሮም ችግር ነበረበት፣ ማንም አላወቀም አሉ ሐኪሞቹ። የአራት ዓመቷ ረውዳ ከአባቷ ሌላ ማንም የላትም። እሱም ከዚያ ወዲህ እጁን ደረቱ ላይ ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጅቱን ቄራ ጎረቤት ዘንድ ትቶ ባምቢስ አካባቢ ካለ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገባ። ባለሱቁ ሃብተአብ ደረተ ሰፊና ሳቂታ ሰው ነው። በዕድሜ ከእሱ ብዙም አይበልጥም።

«የልብ ምት መለኪያ ፈልጌ ነበር።»

«ለሩጫ ነው ለጭንቀት?»

«ለሩጫ» አለ ሁዘይፋ፤ አልሳቀም።

ሃብተአብ ሁለት ዓይነት አወጣ። «ይሄኛው እጅ ላይ ብቻ ነው የሚታሰረው። ቆንጆ ነው፤ ማለቴ፣ ላብ ሲመጣ ትንሽ ይቀባጥራል። ይሄኛው ግን ከሰዓቱ ሌላ የደረት ቀበቶ አለው። ሰዓቱ ራሱ አይለካም። ቀበቶው ደረትህ ላይ ሆኖ ልብህን ይሰማና ለሰዓቱ ይነግረዋል።» የራሱን ደረት መታ መታ አደረገ። «እኔ የማልጠቀምበትን ለሰው አልሸጥም። ዛሬም ይሄንኑ አስሬ ሮጬ በቀጥታ ወደ ሱቅ ነው የመጣሁት።»

«አይሳሳትም?»

«ሚስትህ ትሳሳታለች እንጂ ይሄ አይሳሳትም።»

ሁዘይፋ ቀና ብሎ አየው። ሰውየው ምንም አያውቅም። «ልሞክረው» አለ።

«ጓዳ ግባ። ውሃ ንካውና ከቆዳህ ጋር አጣብቀው።»

ጓዳው በስስ መጋረጃ ነው የተከለለው። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሴቶች ጫማ ይለካሉ። ሁዘይፋ በሰው መሀል ሸሚዙን አውልቆ አያውቅም፤ የወሎው አባቱ ወንዝ ወርደው እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቅዱለትም ነበር። ቀበቶውን ካናቴራው ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ሸሚዙን ቶሎ ቆላለፈ። ሰዓቱን አጠለቀ።

መቶ ሃያ ይላል። ወጥቶ ለባለሱቁ አሳየው።

«ፈርተህ ነው» አለ ሃብተአብ። «ና ቁጭ በል፣ ይወርዳል። እኔ እስከዚያ ሌላ ቀለም ላሳይህ።» መሰላሉን አቁሞ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ።

ሁዘይፋ ቁጭ አለ። በአፍንጫው አየር ስቦ በአፉ አወጣ። ሰዓቱ መቶ አርባ ገባ።

«ቁጭ ብዬ እየጨመረ ነው።»

«እስቲ?» ሃብተአብ ካርቶኖቹን ታቅፎ ወረደና ሰዓቱን አየ። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። «ቀበቶው ይሆናል። እንካ፣ በአዲስ ለውጠው።»

ሁዘይፋ ጓዳ ተመልሶ አዲሱን በአሮጌው ቦታ አሰረው። ቁጥሩ ያው ነው።

ቀበቶው ካልሆነ ልቡ ነው። ደረቱ ላይ ምንም አልተሰማውም። ጁወይሪያም ምንም አልተሰማትም ነበር። ያን ጠዋት ስትስቅ ነበር።

«ውጣና አየር ውሰድ» አለው ሃብተአብ።

ወጣ። አስፋልቱ ዳር ደርሶ ታክሲዎቹ መሀል ቆመና ክንዱን ቀና አደረገ። ሰዓቱ ላይ ቁጥር የለም። ሁለት ሰረዝ ብቻ ነው። ረውዳን ማን ከጎረቤት ይወስዳታል የሚል ሐሳብ ብቻ መጣለት። እየተንገዳገደ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ በሩን ሲያልፍ ቁጥሩ ተመልሶ መጣ።

«ቆሞ ነበር» አለ ድምፁ ተቆራርጦ። «ውጭ ልቤ ቆሞ ነበር።»

ሃብተአብ ከዚህ በኋላ አልቀለደም። ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቆ ሱቁን ዘጋ። «ከጎናችን ክሊኒክ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። እኔ ላይ ተደገፍ፣ በራስህ እንዳትራመድ።»

መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ አይሠራም። ሃብተአብ የሁዘይፋን ክንድ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ወገቡን ይዞ፣ እንደ ጆንያ እየጎተተ ደረጃውን ያዘው። ሁዘይፋ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ መንቀል አልቻለም። መቶ ስድሳ። መቶ ሰባ አምስት።

«ልጅ አለችኝ» አለ። «እናት የላትም።»

«እኔም ሦስት አሉኝ» አለ ሃብተአብ እያለከለከ። «አትናገር። ትንፋሽህን ቆጥብ።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሃብተአብ ቆሞ ግድግዳውን ያዘ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ከባድ ነህ አንተ» ብሎ ለመሳቅ ሞከረና ቀጠለ።

ሲስተር መብርሂት ሁዘይፋን ተቀብላ አልጋ ላይ አስተኛችው። ሃብተአብ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረ። «እኔ እዚህ ነኝ፣ አይዞህ» ሲለው ተሰማ።

ሲስተር የእጁን አንጓ ይዛ ምቱን ቆጠረች። አልረካችምና ማዳመጫዋን በካናቴራው ስር አስገብታ ደረቱን አዳመጠች፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«በርትቶ ይመታል፤ ፈርተሃላ» አለች። «ግን ልክ ነው። ምንም የለብህም።»

«ይሄስ ታዲያ?» ሰዓቱን አሳያት። መቶ ዘጠና አራት ይላል።

ሰዓቱን አየች። ከዚያ ካናቴራው ላይ የታሰረውን ቀበቶ አየችና በጣቷ ነካችው፤ ደረቅ ነው። ፈታ ከአልጋው ራቅ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱም ሰዓቱን እያዩ ጠበቁ።

መቶ ዘጠና ስምንት። ሁለት መቶ አንድ።

«ውጭ የተቀመጠው ሰውዬ» አለች ሲስተር መብርሂት ወደ በሩ እየሮጠች፣ «ደረቱ ላይ ምን አስሯል?»