የከበደው ብርድ ልብስ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሰኔ ገብቶ እስከ ጥቅምት አላባራም። ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። የአስካለ ባል ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ቀረ፤ እሷም ከአልጋዋ መውረድ አቃታት።

ዘመኑ ደግሞ ውሸት የሚከብድበት ነው። ሰው ደህና ሳይሆን «ደህና ነኝ» ካለ፣ ከቤቱ ዕቃ አንዱ ይከብዳል። የቀበሌው ሠራተኛ ሊጠይቃት መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እንደምን ነዎት፣ እትዬ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በርጩማው ከነሰውየው ወለሉ ውስጥ ሰመጠ።

በማግስቱ ጎረቤቷ ደብሪቱ መጣች። «እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ቤቱ ይፈርሳል» አለች። «ልጄ የሞተች ጊዜ ስድስት ወር በየቀኑ እየመጣሽ አዳምጠሽኛል። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብድርሽን ሳልመልስ ቀረሁ።»

«እኔ እንኳ ምንም አልሆንኩም።»

ብርድ ልብሱ ደረቷን ተጫናት፤ ትንፋሽ አጠራት። ደብሪቱ ብትጎትተው አልነቃነቅ አለ።

«አስካልዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ደህና ነኝ ካልሽ ቀባሪሽ እኔ ነኝ።»

አስካለ ጣሪያውን አየች። «ልጆቼን ሳቅፍ ምንም አይሰማኝም» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ባልነቃ እላለሁ።»

ብርድ ልብሱ ቀለል አለ። ደብሪቱ «አይዞሽ» አላለችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ቀጥይ» አለች። ከሰዓት በኋላ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

እንዲህ እያለች በየቀኑ መጣች። ሚያዝያ ላይ ስድስት ወሩ ሲሞላ ነጠላዋን አንስታ ቆመች።

«በቃ፣ ብድርሽን መልሻለሁ።»

«ነገስ አትመጪም?» አለች አስካለ።

«ነገማ ላበድርሽ ነው የምመጣው።»