ለፎቁ የጎደለችው ግቢ

እማማ ውባለም ፎቁን የጠሉት ገና መሠረቱ ሲቆፈር ነው። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። በጉለሌ ዋና መንገድ ዳር የነበሩ አምስት ጭቃ ቤቶች ፈረሱና በቦታቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይቆማል ተባለ። ለማን? ለጡረተኞች። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተደራርበው ሊኖሩበት።

«ጉድ በል ጉለሌ!» ይሉ ነበር እማማ። «ደረጃ መውጣት ያቃተውን ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ መስቀል ምን የሚሉት ጽድቅ ነው?»

የሕንፃው ጸሐፊ ጃንጥላውን ይዞ በራቸውን ያንኳኳ ዕለት ግን ፌዛቸው ቆመ። ለጡረተኞቹ ወጥ ቤት የሚሆን ቦታ ጎድሏል፤ ግቢዎን ይልቀቁልን፤ ለእርስዎም እዚያው ፎቁ ላይ አንድ ክፍል እንሰጥዎታለን አላቸው።

«እኔ ጧሪ አለኝ» አሉት። «ይህ ግቢ የልጄ የለታ ነው። አባቱ በዳሳ ለእሱ ብሎ ያጠረው ነው። ለታን ሳልድርበት አንዲት ድንጋይ አትነቀልም!»

ለታ ሹፌር ነው፤ ለዚሁ ፎቅ ሲሚንቶ ከድሬዳዋ ያመላልሳል። እናቱ ይህን ሲያስቡ ያማቸዋል፤ እንጀራ ነውና ምን ይላሉ። ሰኞ ሊሄድ ሲል አንገታቸውን ስሞ፣ «እማዬ፣ አታስቢ። ቅዳሜ ስመለስ እኔው አነጋግራቸዋለሁ። እስከዚያ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ» አላቸው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ እማማ ስኳር ሊገዙ ጀላል ሱቅ ሄዱ። ጸሐፊው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከአቶ አጥናፉ ጋር ይንሾካሾካል። አቶ አጥናፉ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ያሉትን ሰፈሩ እምቢ አይልም። እማማን ሲያዩ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ። አፉ የማያርፈው ጀላል እንኳ ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ምነው ጀላል፣ ምላስህን ዋጥከው እንዴ?»

«ኧረ... ምንም የለ እማማ።»

«ሸጠውኛል» አሉ በሆዳቸው።

ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ሲወጡ ቱሉ ግቢያቸው መሃል ቆሞ ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃ ይለካል። ቱሉ ከለታ ጋር አብሮ ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከዚሁ ቤት በልቶ ነው ጢም ያወጣው።

«ምንድን ነው የምትለካው አንተ?»

ቱሉ ክው አለ። «እ... አጥሩ ዘሞ እንደሆነ ብዬ ነው እማማ።»

«አጥሩ ያለው እዚያ፣ አንተ ያለኸው እዚህ!»

ቱሉ አቀርቅሮ ወጣ፤ ዓይኑም ቀልቶ ነበር። እማማ በሩን ቀርቅረው እንጨት አስደገፉበት። የባዕድ ክፋት ይቻላል፤ ያጎረሱት እጅ ሲነክስ ግን አንጀት ያቃጥላል።

አመሻሹ ላይ ደግሞ ጎረቤታቸው ብርነሽ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ጣራዬ ያፈሳል። ዛሬ እዚህ ልደር።»

ወሩ ጥር ነው። ከሰማይ ጠብታ ከወረደ ሰንብቷል። ጠባቂ ላኩብኝ አሉ እማማ፤ ግን ጎረቤት ከደጅ አይመለስምና አስገቧት።

«ይብሉ እንጂ እትዬ። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች ብርነሽ። እሷ ራሷ አንድም አልቀመሰችም። እማማ ያችን ጉርሻ አዩዋት። አንድ ነገር አድርገውበት ቢሆንስ? አስተኝተውኝ ቢገቡስ? ጠግቤያለሁ ብለው ገፉት።

ወዲያው አቶ አጥናፉ ከደጅ ብርነሽን ጠሯትና ወጣች። እማማ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንገባለን፤ ለቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ» አሉ አቶ አጥናፉ። «ሰዉ ሁሉ ተነግሮታል።»

«ምናለ አንድ ቀን ብንታገሥ?» ብርነሽ ታለቅሳለች።

«ከነገ አያልፍም። አንቺ ብቻ በሩን ክፈችልን።»

ነገ ዓርብ ነው። ለታ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሊያፈርሱት! «የአዞ እንባ» አሉ እማማ፤ የበዳሳን የርስት ወረቀት ከሳጥን አውጥተው በመቀነታቸው ጠቀለሉት። ዘነዘናውንም ከሙቀጫው አንስተው ከጎናቸው አደረጉ። ዓይናቸውን ሳይከድኑ አደሩ።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮቴ ተሰማ። የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው፤ የሚያወራ ግን የለም። ብርነሽ ቀስ ብላ ተነሳች፤ እንጨቱን አነሳች፤ በሩን ከፈተች።

«አንቺ ከሃዲ!» ብለው እማማ ዘነዘናውን ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ። ግቢው ጢም ብሏል። አቶ አጥናፉ ከፊት፣ ቱሉና ጀላል ከኋላ፣ ያ ጸሐፊም አጥሩ ሥር።

«እንዳትጠጉኝ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ምን በደልኳችሁ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሡኝ! ለታ ነገ ይመጣል፤ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ! ቤቱ የልጄ ነው!»

እማማ መጀመሪያ የሰዎቹን እጅ ነው ያዩት፤ ዶማ የያዘ፣ መዶሻ የያዘ አንድ ሰው የለም።

ጎህ ገለጥ ሲል ደግሞ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደቆሙ ታየ።