የካፒቴን ጀቤሳ ወንበር

ካፒቴን ጀቤሳ ደክሟቸዋል። ያደከማቸው በረራ አይደለም፤ ስብሰባ ነው። ቦሌ በየወሩ አዲስ ፎቅ በምታበቅልበት በዚያ ዘመን፣ ኩባንያቸው ያረጁትን መለስተኛ ጄቶች በአዲስ ሊተካ ተነሣ። ምርጫውን ለሦስት አብራሪዎች ሰጠ፦ ለእሳቸው፣ ለካፒቴን መኩሪያ እና ለወጣቷ ካፒቴን ሄሊና።

የቀረቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ አሁን የሚያበሩት ጄት ታናሽ ወንድም ነው፤ ነባር አብራሪ ጥቂት ቀን ተምሮ ይነሣበታል። ሌላው የሌላ ፋብሪካ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ግን ሁሉም እንደ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ መፈተን አለበት።

ጀቤሳ ፈተናውን ፈርተውታል። ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ባስተማሯቸው ልጆች ፊት መውደቅ! ከወደቁ ደግሞ የካፒቴንነት ወንበሩ ይሄዳል። ያለዚያ ወንበር ምን እንደሚሆኑ አያውቁም።

መኩሪያ የነዳጁን ነገር አይተው ወደ አዲሱ አዘንብለዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ሄሊና እጅ ላይ ወደቀ። የሄሊና ሁኔታ ደግሞ ሰሞኑን አላማራቸውም።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው አንድ ጠዋት።

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

«እንዲያው ነው። ዐይንዎስ? ጡረታውን ቢያራዝሙልዎ ይቀጥላሉ?»

«መቃብሬን እየለካሽ ነው እንዴ?»

ሳቀችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ሌላ ቀን አትላስ አካባቢ ምሳ ሊበሉ ቢገቡ፣ እሷና ረዳት አብራሪያቸው ቶሌራ ከሌሎች ወጣት አብራሪዎች ጋር ተሰብስበው አገኟቸው። ሲያዩዋቸው ወሬው ቀጥ አለ። ቶሌራ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው፤ ከወትሮው አብልጦ አከበራቸው። «ሊያሰናብቱት ያሰቡትን ሰው እንዲህ ያከብሩታል» አሉ በልባቸው። ያሳደጉት ውሻ ነከሳቸው ማለት ይህ ነው። ጥብሱን ሳይጨርሱ ወጡ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። በእነሱ ልማድ መጀመሪያ የሚናገረው ታናሹ ነው፤ አለቃው ከቀደመ ታናሹ ያሰበውን ይውጠዋልና። ይህን ለሄሊና ያስተማሯት ራሳቸው ጀቤሳ ናቸው። ያን ዕለት ልማዱንም፣ ማስተማራቸውንም ረገሙ።

«የነባሩ ፋብሪካ ይገዛ» አለች ሄሊና።

መኩሪያ ደነገጡ። ጀቤሳ ጆሯቸውን አላመኑም። ተራቸው ሲደርስ «እኔም ነባሩን» አሉ ቶሎ ብለው።

ከስብሰባው ሲወጡ በር ላይ ጠበቋት። እንዲህ አፍረው አያውቁም፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሄሊናዬ፣ በክፉ ጠርጥሬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ለእኔ ብለሽ ነው አይደል?»

ሄሊና አንገቷን ደፋች።

«ጋሼ፣ እኛ ወጣቶቹ ሁላችንም ዓረብ አገር ሄደን ልናበር ፈርመናል፤ እዚህ ለማብረር የምትቀሩት እናንተ ሽማግሌዎቹ ብቻ ናችሁ።»