አምስት ጭብጨባ

ባሬንት በስትሮክ ከወደቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ሄርሚን ጠረጴዛ ዳር አስቀምጣ መናገር ታስተምረዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ የዴልፍዛይል ከተማን ልጆች ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት፤ ዘዴዋም ያው የልጆቹ ነው። ረጅሙን ቃል በጠመኔ ጽፋ ትቆራርጥና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ታጨበጭባለች፤ ድምፁ ጠበቅ የሚልበት ላይ ጠንከር ታደርጋለች።

ቃሉ አይለወጥም፤ ፊርቶረንዋኽተር፣ የባሕር መብራት ጠባቂ። አምስት ጭብጨባ፣ ጠንካራው የመጀመሪያው።

ባሬንት ሁሌ የመጨረሻው ላይ ያጠነክራል።

«ባሬንትዬ፣ ፊር ላይ ነው እኮ። በል እንደገና።»

እንደገና ይሳሳታል። እሷ ትስቃለች፣ ፀጉሩን ትዳብሳለች፣ ትቀጥላለች።

በየቁም ሳጥኑ «ስኳር»፣ «ኩባያ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጋዝ ምድጃውን ቁልፍ ባሬንት በኪሱ ይዞ ይዞራል። ጎረቤታቸው ሊስቤት፣ አመሉ ከሕመሙ ጋር ብሷል፣ ሰነፍ ነው፣ የሴትዮዋን አንጀት አሳረረው እያለች ለመንደሩ ታወራለች።

አንዴ፣ ሚያዝያ ላይ፣ አስተካክሎ አጨበጨበ። ሄርሚን «ጨረስን እንግዲህ» ብላ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዋለች፤ ምሳም አልበላች፣ ባሬንት ሲጠጋትም ሸሸችው። በማግስቱ ተመልሶ ተሳሳተ። ሊስቤት ይህን ሰምታ፣ ወይ ድርቅና አለች።

ማክሰኞ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ሴት መጣች። ባልና ሚስቱ አብረው ይኑሩ ወይስ አንዳቸው መጦሪያ ይግቡ የምትወስነው እሷ ናት። በሩ ሥር አንድ ሻንጣ ተዘጋጅቷል። ባሬንት ቡና ቀዳ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ብስኩት ሰጥቶ ቆርቆሮውን ከደነ።

«ልጄ፣ አትውሰጂብኝ» አለች ሄርሚን። «ጎበዝ ነው፣ ዛሬ ይለዋል።»

አምስት ጊዜ አጨበጨበች። ባሬንት ዓይን ዓይኗን እያየ ተከተላት። አምስተኛው ላይ አጠነከረ።

ሴትዮዋ ጻፈች።

«ምንም አይደል ባሬንትዬ፣ ነገ አለ» አለች ሄርሚን፤ ፀጉሩንም ዳበሰችው።

ባሬንት እንግዳዋን እስከ ደጅ ሸኛትና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው። ንግግሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈም።

«እባክዎ ሄርሚንን አይውሰዱብኝ፤ ማን መሆኔን የምታስታውሰው ስሳሳት ብቻ ነው።»