የእማዬ ጣሳ በግራም

«ሁለት ጣሳ፤ አለቀ!» ትላለች እናቴ፣ ባዶውን ጣሳ ፊቴ ላይ እያገላበጠች። «ከዚህ ሌላ ምን አለው?»

ሁለት ጣሳ ግን አልሆነም። የጌጃ ሰፈሩ ባለሱቅ ደጉ ባዋሰን ሚዛን አንዱ ጣሳ ዱቄት ስድስት መቶ ግራም ነው፤ ሁለቱ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። እህቴ ጽገሬዳ ይህንኑ መዝና ያቦካችው ሊጥ ትናንትም ዛሬም ላልቶ ፈሰሰ። እናቴ የተጋገረውን አንስታ አየችና «ሕምባሻ ብልሽ እንጀራ ታመጪልኛለሽ?» አለቻት።

ጽገሬዳ አስተማሪ ሆና ነገሌ ቦረና ተመድባለች። ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ጣሳውን ይዛ እንዳትሄድ በቤቱ ሁሉም ነገር የሚሰፈረው በእሱ ነው፤ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ የቲማቲም ጣሳ ስለሆነ አምሳያው አይገኝም። ሚዛን ግን የትም አለ።

«እዚያ የማውቀው ሰው የለም» ብላኛለች። «ቢያንስ የእማዬን ሕምባሻ ልወቅ።»

ከቀበሌ ሱቅ ካገኘነው ዱቄት የቀረው ለአንድ ሕምባሻ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ አንቺው ስፈሪ» እላታለሁ። «እኔ ዝም ብዬ ልይ።»

ጣሳውን ትሞላለች፤ አፉን በመዳፏ ታስተካክላለች፤ ገበቴው ውስጥ ትገለብጣለች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ እንዳለ እጇ ወደ ዱቄቱ ይመለስና አንድ እፍኝ ዘግኖ ይጨምራል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አሁን የጨመርሽው።»

«ምን ጨመርኩ? አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ ዓይንህን ነካው እንዴ?»

«ምርቃት!» ትላለች ጽገሬዳ በጩኸት። «እማዬ፣ መረቅሽ እኮ!»

እናታችን አብነት ሰፈር ዱቄት ቸርችራ ነው ያሳደገችን። ለገዢ በየጣሳው ላይ አንድ እፍኝ ትመርቅ ነበር። ንግዱን ከተወች ዓመታት አልፈዋል፤ እጇ ግን አልተወም።

ሁለተኛውን ጣሳ ስትገለብጥ የሚዛኑን ሳህን አቀርብላታለሁ። «እፍኙን እዚህ አድርጊው።»

እጇን ታያለች፤ ትቆነጥራለች፤ መልሳ ታራግፋለች። ደግሞ በሁለት እጇ ትዝቃለች። «ኧረ ስንት ነበር? አጠፋችሁብኝ!»

ጽገሬዳ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከዱቄቱ ማዶ እንደ ገዢ ቁጢጥ ትላለች። «እትዬ ፍረወይኒ፣ ዛሬስ ምነው ሰሰቱብኝ? ይመርቁልኝ እንጂ!»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ልታከስሪኝ ነው የምትመጪው!»

እናቴ ትስቃለች። እየሳቀች እጇ ይዘግንና ሳህኑ ላይ ዘርገፍ ያደርገዋል። ብረቶቹን አንድ በአንድ እጨምራለሁ። ሳህኖቹ ይወዛወዙና እኩል ይቆማሉ። ሰማንያ ግራም።

ዱቄቱን ከሳህኑ ወደ ገበቴው እገለብጣለሁ። ውሃው ያው የትናንቱ ልክ ነው። ጽገሬዳ ታቦካለች፤ ሊጡ በዚህ ጊዜ አይፈስም። ድብልብል ብሎ ይቀመጣል። እናቴ በጣቷ ትጫነዋለች፤ ተመልሶ ይነሳል።

«ይኸው!» ትላለች። «ሁለት ጣሳ አላልኩም?»

ጽገሬዳ እየሳቀች እጇን ከሊጡ ታላቅቅና ታጥባ ታደርቀዋለች። ከዚያ የእናታችንን እጅ ይዛ የራሷን መዳፍ ትለጥፍበታለች። የጽገሬዳ ጣቶች በአንድ አንጓ ያጥራሉ።

«አስመላሽ፣ በኔ እጅ እፍኝ ተኩል ነው» ትለኛለች።

መዳፎቻቸው ሲላቀቁ የእሷም እጅ ነጭ ሆኗል።