የአባባ ምሳሌዎች

አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ እንግሊዝኛ ልማር ብሎ ደብተር አስገዛኝ። ያን ሰሞን ወንድሜ መክብብ ድሬዳዋ ላይ አርፎ ነበር። አባባ ልቡ ደካማ ስለሆነ መርዶውን ደበቅነው። ልቅሶው አክስቴ ቤት ነበር፤ ከዚያ ስመለስ ጥቁር ቀሚሴን ጎረቤት አውልቄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከገበያ የመጣሁ መስዬ እየሳቅሁ እገባ ነበር።

አንድ ቀን ‹ፕሪቴንድ› እና ‹ዲሲቭ› የሚሉትን ቃላት አስተማርኩት።

«‹ፕሪቴንድ› ማስመሰል ነው። ‹ዲሲቭ› ማታለል ነው፤ ሰውየው ካላመነ ግን ተታለለ አይባልም።»

«ጎሽ፣ የኔ መምህር!» አለና በእንግሊዝኛ ጻፈ፦ «ጓደኛዬ ዘለቀ የሚጾም ያስመስላል፤ ጢሙ ላይ ግን ቅቤ አለ።»

በሳቅ ፈነዳሁ። «አሁን ደግሞ ሁለቱንም ቃላት አስገባ» አልኩት።

ብዙ ቆይቶ ደብተሩን ሰጠኝ። ላርም ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ልጄ ከገበያ የመጣች ታስመስላለች። ጥቁር ቀሚሷ ግን በጎረቤት ገመድ ላይ ተሰቅሎ ከመስኮቴ ይታየኛል። መክብብም መደወል አቁሟል፤ ብቻዬን አልቅሼዋለሁ። አልተታለልኩም፤ እሷ እንዳትጨነቅ የተታለልኩ አስመስላለሁ።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝ።

«እሺ መምህር፣ ከአስር ስንት ሰጠሽኝ?»