የተፈታው ሞተሪኖ

መካኒኩ ከአሮጌዋ ጂፕ ማስነሻውን ሞተሪኖ ፈትቶ ካርቶን ላይ አስቀመጠው። ባትሪውንም አወረደና በፕላስተር የተጠቀለለውን የባትሪ ገመድ አንጠልጥሎ ሳቀ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ! ይኼን ጉድ ማን ጠቀለለው?»

የመኪናዋ ባለቤት ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ጨበጠ። ገንዘብ ቆጠብኩ ብሎ የጠቀለለው ራሱ ነው። ጂፗንም እንዲያው እንዳለች ለታላቅ ወንድሙ አዋሳት። ወንድሙም አንድ ቀን ደረቱን አሞት ወደ ሐኪም ሊሄድ ሲል ደወለለት።

«አልነሳ አለችኝ እኮ።»

«ትንሽ ቆይና ደግመህ ሞክር፣ ወንድም ጋሼ» አለውና ስልኩን ዘጋ፤ ሥራ ይዞ ነበር። ሰው ሲደርስ ወንድሙ መሪው ላይ ተደፍቶ ሞቷል፤ ጣቶቹ ቁልፉን እንደያዙ ነበሩ።

«አይዞህ ጋሼ፣ ያገለገለ ሞተሪኖ በቅናሽ አግኝቼልሃለሁ። ገመዱን ግን አዲስ ነው የማስርልህ» አለ መካኒኩ እጁን እየጠረገ።

በዚህ ጊዜ ጂፗ ልትነሳ እንደምትታገል ሁሉ አጉረመረመችና ዝም አለች።

መካኒኩ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሞተሪኖ አየ፤ መሬት የወረደውን ባትሪ አየ። ጋቢናው ባዶ ነው። ባለቤቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጋሼ... ምን ነካህ?»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ባለቤቱ በጨበጠው መዳፉ ውስጥ ቁልፉ በራሱ ዞረ፤ መኪናዋም ደግማ ሞከረች።